የኦጂብዌ አለቆችን የዘር ሐረግ ለመከተል ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሚኒሶታ ያለች ዘመዳችን ባለቤቷ የኋይት ኧርዝ (በሚኒሶታ ያለ የኦጂብዌዎች ይዞታ) ኦጂብዌ ነው፤ ኦጂብዌ ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች አንዱ ነው። ቤተሰቡ «ከአለቃ ሆል ኢን ዘ ዴይ እንወለዳለን» ይላል። ለልጆቹ ይህን በሰነድ ማረጋገጥ ትፈልጋለች። ከየት ትጀምር? የአለቃ ዘር መሆንስ መብት ያስገኛል?

መልስ፦
መጀመሪያ የትኛው ሆል ኢን ዘ ዴይ እንደሆነ ይለይ። አባትየው በ1847 ሞተ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ልጁ ስሙንም አለቅነቱንም ወርሶ በ1868 ተገደለ። ሌላው በ1898 ከአሜሪካ ወታደሮች ጋር ከተደረገው የሹገር ፖይንት ውጊያ ጋር ስሙ የሚነሳው የሊች ሌክ (ሚኒሶታ) ሰው ነው፤ ከሁለቱ ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። እኛ ሁለተኛው ስም የአባት መሆኑን ስለለመድን እዚህ ላይ በቀላሉ እንሳሳታለን። የኦጂብዌ ስም ግን ስም አውጪው የሚሰጠው ነው፤ አባትን አይጠቁምም። ዋሽንግተን በኮንግረስ ሕንፃ የቆመውን የሊች ሌኩን የቢሺኪን የእምነ በረድ ምስል እንኳ ብዙዎች የላ ፖይንቱ (ዊስኮንሲን) አለቃ ኬቼዋይሽኬ አድርገውት ኖረዋል፤ ሁለቱም በእንግሊዝኛ «ባፋሎ» ይባሉ ነበርና። ስለዚህ ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ስም፣ ሰፈር፣ ጎሳ እና ዓመት አራቱም መግጠም አለባቸው።

ሌላ መልስ፦
በዚህ ላይ አለቅነቱ ሁልጊዜ ከአባት ወደ ልጅ አልወረደም። የሚሲሲፒ ኦጂብዌዎች አለቃ ከርሊ ሄድ በ1825 ከፕሬሪ ዱ ሺን የሰላም ጉባኤ ሲመለስ ሞተ፤ ወንድ ልጅ አልነበረውም። ሕዝቡን የተረከቡት የሥርዓት ፒፓውን ይይዙለት የነበሩት ወንድማማቾች ስትሮንግ ግራውንድ እና የመጀመሪያው ሆል ኢን ዘ ዴይ ናቸው። የሊች ሌኩ አለቃ የፍላት ማውዝ አባትም አለቅነቱን ያገኘው በመድኃኒት ዕውቀቱ እንጂ በውርስ አይደለም። የላ ፖይንቱ ኬቼዋይሽኬ ግን በሉን (የውሃ ወፍ ስም ነው) ጎሳ የቆየ የአለቃ ቤት ሰው ነበር። የአለቃ ልጅ ቅድሚያ ነበረው፤ ሕዝቡ ካልተከተለው ግን ማዕረጉ ባዶ ነው። የመንግሥት ተደራዳሪዎችም ሜዳልያ እየሰጡ የራሳቸውን አለቆች ሾመዋል። በውል ፊርማ ላይ «አለቃ» ተብሎ መጻፍ የአለቃ ቤት ልጅ መሆንን አያረጋግጥም የምለው ለዚህ ነው።

ሌላ መልስ (ስለ መዝገቦቹ)፦
ከአለቃው ወደ ታች አትጀምሩ፤ ከልጆቹ አባት ወደ ላይ ውጡ። በልደት ምስክር ወረቀቶች እስከ 1940 ድረሱ። ከዚያ ከ1885 እስከ 1940 ያለው የአሜሪካ ሕንዶች (የቀደምት ነዋሪዎች) ቆጠራ ይቀጥላል፤ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ኤም 595 በሚል ቁጥር ይገኛል። ብዙውን ጊዜ የእንግሊዝኛና የኦጂብዌ ስም፣ ፆታ፣ ዕድሜ እና ከአባወራው ጋር ያለውን ዝምድና ይዟል። ስትፈልጉ «ቺፕዋ» በሚለው ፈልጉ፤ መንግሥት የሚጽፋቸው እንደዚያ ነው።

ከቆጠራው በፊት ያለው መንግሥት በውል መሠረት ለኦጂብዌዎች የሚከፍለው የዓመታዊ ክፍያ መዝገብ ነው፤ ሰንሰለቱ የሚበጠሰውም ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው። የሚሰፍረው በአብዛኛው የአባወራው ስምና የወንድ፣ የሴት፣ የልጅ ቁጥር ብቻ ነው። ያለው መንገድ ያንኑ አባወራ በተከታታይ ዓመታት መከተልና የሰው ቁጥሩ መቼ እንደጨመረ፣ መቼ እንደቀነሰ ማየት ነው። ጸሐፊዎቹ «ብ»ን ከ«ፕ»፣ «ግ»ን ከ«ክ» ያቀያይሩ ስለነበር ቡጎናይጊሺግ (የሆል ኢን ዘ ዴይ የኦጂብዌ ስም) እና ፑጎናኬሺግ አንድ ስም ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱንም ፈልጉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በ1910ዎቹ በኋይት ኧርዝ «ሙሉ ደም» እና «ቅይጥ» እያለ የተዘጋጀውን ዝርዝር እንደ ዘር ማስረጃ አትውሰዱት። መሬቱን ማን መሸጥ ይችላል የሚለውን ክርክር ለመዝጋት የተሠራ ነው፤ መርማሪዎቹ ቆዳ እየጫሩና ፀጉር እያዩ ነበር የሚወስኑት። ብዙ ቤተሰብ መሬቱን ያጣበት ጉዳይ ነው፤ ሽማግሌዎች ፊት ስታነሱት ተጠንቀቁ።

ጠያቂዋ፦
እናመሰግናለን። መብቱስ?

መልስ፦
ጎሳና አባልነት ይለያያሉ። ጎሳ በአባት ይቆጠራል፤ የዘመዳችሁ ልጆች የአባታቸውን ጎሳ ይይዛሉ። አባት ሐበሻ፣ እናት ኦጂብዌ ብትሆን ኖሮ ግን ልጁ በአባቱ በኩል ጎሳ አይኖረውም፤ እንዲህ ያሉ ልጆችን በሚኒሶታ ብዙ ቦታ የንስር ጎሳ ይቀበላቸዋል።

አባልነት በእናትም በአባትም በኩል ይታያል። ኋይት ኧርዝ ያለበት የሚኒሶታ ቺፕዋ ነገድ ሕገ መንግሥት ከ1960ዎቹ ጀምሮ ቢያንስ አንድ አራተኛ የነገዱ ደም (የዘር ድርሻ) ይጠይቃል። የአለቃ ዘር መሆን በዚህ ስሌት ላይ ምንም አይጨምርም። ሌላው የሚኒሶታ ኦጂብዌ ይዞታ ሬድ ሌክ ከዚህ ነገድ ውጭ ነው። በ1918 ሰባት የውርስ አለቆች እያንዳንዳቸው አምስት እንደራሴ የሚመርጡበት ምክር ቤት አቋቁሞ ነበር፤ ከ1958 ሕገ መንግሥት ወዲህ ውሳኔው የተመራጮች ሆኖ አለቆቹ በአማካሪነት ቀጥለዋል። እዚያም ቢሆን አለቅነቱ የምዝገባ መስፈርት አይደለም።

ማመልከቻው የሚገባው ለባንዱ (እዚህ ለኋይት ኧርዝ) የምዝገባ ቢሮ ነው። የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የአባት ስም ከሌለ ፋይሉ ስለሚቆም እሱን አስቀድማችሁ አስተካክሉ። የቤተሰቡን ሽማግሌ ስለ ጎሳው ለመጠየቅ ስትሄዱ ደግሞ ትምባሆ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጥያቄው ከመጠየቁ በፊት ነው የሚሰጠው።