እሳት ባለፈበት የስሜን አፋፍ በመጸው መጓዝ

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በጥቅምት መጨረሻ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ካሉት የማደሪያ ሰፈሮች ከሳንቃበር ወደ ግጭ በገደሉ አፋፍ በሚያልፈው መንገድ በእግር ለመጓዝ፣ በዚያውም በ2011 ዓ.ም. እሳት የበላው የአስታ ደን እንዴት እንዳገገመ ለማየት አስበናል። ምን እንጠብቅ? ጣና ዳር ለኖረ ሰውስ ከፍታው ይከብዳል?

መልስ 1፦ አስታ ግንዱ ቢቃጠልም ከሥሩ አጠገብ ካለው ጉጥ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ በጠቆሩ ግንዶች ግርጌ አረንጓዴ ቀንበጥ ቢያዩ አይደነቁ። ሣሩ ፈጥኖ ይመለሳል፤ ዛፉ ግን ወደ ቀድሞ ቁመቱ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፣ ከብት ቀንበጡን ከጋጠው ደግሞ ጨርሶ ላይደርስ ይችላል። ለእኔ ከአንድ ጊዜ እሳት ይልቅ የሚያሰጋኝ ከእሳቱ በኋላ የሚከተለው ግጦሽ ነው። ሽፋኑን ያጣ አፈር በቀላሉ ስለሚሸረሸር፣ አቋራጭ ሳትፈልጉ በተረገጠው መንገድ ብቻ ሂዱ።

መልስ 2፦ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ፣ ግጭ ደግሞ ወደ 3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያውን ሌሊት ሳንቃበር እደሩ፤ ራስ ምታቱ ከበረታ መውረድ እንጂ መታገሥ አይበጅም። ሌሊቱ ውርጭ ነውና ጋቢ ብቻ አይበቃችሁም። በፓርኩ መግቢያ ከተማ በደባርቅ ተመዝግባችሁ ጠባቂ መያዝን አትርሱ።

መልስ 3፦ ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ጸጥታ ጠይቁ። ጉልበታችሁን ለማሟሸት ደግሞ ጠዋት ጠዋት እዚያው ባሕር ዳር ያለችውን ቤዛዊት ኮረብታ ውጡ፤ ትንሽ ብትሆንም ዓባይን ቁልቁል ታሳያለች።