ከረጅም ፋንታሲ በኋላ በየትኛው የሳይንስ ልቦለድ ይጀመር? (ክርክር)

አወያይ፦
የዛሬው ጥያቄ አጭር ነው፤ መልሱ ግን የሚያጣላ ይመስላል። አንድ አንባቢ ረጃጅሞቹን የፋንታሲ ተከታታዮች ጨርሷል። ቶልኪንን አልፏል፣ «ዊል ኦፍ ታይም»ን ከነ14 ቅጹ ተወጥቷል። አሁን ወደ ቀደምቶቹ የሳይንስ ልቦለዶች መሻገር አምሮታል። ፋንታሲን በሚመስሉት ቀስ ብሎ ይግባ ወይስ በቀጥታ ዋናው ውስጥ ይዝለቅ? መጽሐፍ የሚጠራ ሰው ምክንያቱንና አንባቢ የሚሰናከልበትን ቦታ አብሮ ይናገር። ዓመት ስትጠቅሱ በእ.ኤ.አ. ይሁን። መጨረሻ መናገር ክልክል ነው።

ጠፈርተኛ፦
ማሽሞንሞን አያስፈልግም። የአይዛክ አሲሞቭ «ፋውንዴሽን»፣ 1951፣ ቀጭን መጽሐፍ። ጋላክሲውን የሚገዛው ኢምፓየር ሊፈርስ ነው። የሕዝብን ጉዞ በሒሳብ የሚተነብይ አንድ ሊቅ 30,000 ዓመት የሚፈጀውን የጨለማ ዘመን ወደ 1,000 ለማሳጠር ዕቅድ ያወጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ «ዕቅዱ ይሠራል ወይ?» ነው። በፋንታሲ ዓለሙ ታሪኩ የሚካሄድበት ቦታ ነው፤ እዚህ ጥያቄው ራሱ ዓለሙ ነው። አንባቢው ይህን ልዩነት በመጀመሪያው መጽሐፍ ካልቀመሰ መሻገሩ ምኑ ላይ ነው?

ለፋንታሲ ወዳጆች ደግሞ ላስታውስ፤ በ1966 ለሳይንስ ልቦለድና ለፋንታሲ በሚሰጠው የሁጎ ሽልማት ላይ «የምንጊዜም ምርጥ ተከታታይ» የሚል ዘርፍ ነበር። ያሸነፈው «ፋውንዴሽን» ነው። ከተሸነፉት አንዱ የቶልኪን «ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ነበር።

ባለካርታው፦
ወንድሜ ጠፈርተኛ፣ ሽልማቱን ተወውና አንባቢውን እንይ። ይህ ሰው አንድን ልጅ ከመንደሩ እስከ ዙፋኑ በሺህ ገጾች ሲከተል የኖረ ነው። «ፋውንዴሽን» ላይ ምን ይገጥመዋል? መጽሐፉ አምስት ክፍል አለው። ሊቁ ሃሪ ሴልደን ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ በሕይወት የለም፤ በተቀረጸ ምስል ብቻ ብቅ ይላል። የሚቀጥለውን ሰው መልመድ ስትጀምር አሥርት ዓመታት ይዘለሉና ሌላ ሰው ይመጣል። ጦርነቱ ከመድረክ ጀርባ ነው፤ ገጹን የሚሞላው ቢሮ ውስጥ የሚነጋገሩ ወንዶች ወሬ ነው። «ወንዶች» ያልኩት አውቄ ነው፤ በመጀመሪያው ቅጽ ሴት ገጸ ባሕርይ በባትሪ ተፈልጋ ነው የምትገኘው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በመጀመሪያ ከሰጠኸው «የሳይንስ ልቦለድ ለእኔ አይደለም» ብሎ ይዘጋዋል።

የእኔ ምርጫ የፍራንክ ኸርበርት «ዱን» ነው፤ 1965። በበረሃማ ፕላኔት ላይ ነው፤ መሳፍንት አለ፣ ትንቢት አለ፣ ቂም አለ፣ ካርታ አለ። በዚያ ላይ ሁጎንም የመጀመሪያውን የኔቡላ ሽልማትም ወስዷል፤ ሽልማት ከሆነ ነገሩ።

የኅዳግ ማስታወሻ፦
ባለካርታው ስለ «ዱን» የተናገረው ልክ ነው፤ ግን ሰው የሚሰናከልበትን ሳይነግረን አለፈ። «ዱን»ን ጀምሮ የሚጥለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው በታወቁ ቦታዎች ነው።

አንደኛው ቃላቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ገጾች «ጎም ጃባር»፣ «ቤኔ ጄሰሪት»፣ «ሜንታት» ይዘንባሉ። ከኋላ የቃላት መፍቻ አለ፤ በየመስመሩ ወደዚያ መሮጥ ግን ንባቡን ይገድለዋል። አንድ ቃል ሦስት ጊዜ መጥቶ አሁንም ካልገባ ያኔ ይታይ፤ አብዛኛው ከዐውዱ ይገባል። ከቃላት መፍቻው አጠገብ ያለውን የመሳፍንቱን መዝገብ ግን መጽሐፉ ሳያልቅ ማንም እንዳይነካ! የልደትና የሞት ዓመት ይዟል፤ ማን መቼ እንደሚሞት እዚያ ተጽፏል።

ሌላው የተራኪው ዓይን ነው። የዛሬው ፋንታሲ በአንድ ምዕራፍ የአንድ ሰው ልብ ውስጥ መቆየትን አስለምዶናል። ኸርበርት በአንድ ትዕይንት ከአንዱ ሰው ሐሳብ ወደ ሌላው ይዘላል፤ ሐሳቡ በሰያፍ ፊደል ታትሞ ይመጣል። ሰያፉ የማን እንደሆነ ያልተከታተለ ሰው የማዕድ ትዕይንቱን ሙሉ በሙሉ ያጣዋል። በመስፍኑ ቤት ያለው ከሃዲ ማን እንደሆነም በሁለተኛው ምዕራፍ ይነገራል። ይህ ስሕተት አይደለም፣ ሆን ተብሎ ነው። «ማን?» የሚለው ጥያቄ ከመንገድ ይነሣና «እንዴት ሳያዩት ቀሩ?» የሚለው ይቀራል።

ስለ ማዕዱ ካነሣሁ አይቀር፣ የቤቱን በር ልብ ብላችሁ አንብቡ። ውሃ ከነፍስ በሚወደድበት ምድር እንግዶች ሲገቡ እጃቸውን ገንዳ ውስጥ ነክረው ውሃውን ወለሉ ላይ ይረጫሉ፤ በፎጣ ያደርቃሉ። ከፎጣው የሚጨመቀውን ከውጭ የቆሙ ለማኞች እንዲወስዱት ይደረጋል። ፕላኔቷን አዲስ የተረከበው መስፍን፣ ዱኩ፣ ይህን ልማድ ያስቀራል። በዚያች ግማሽ ገጽ የፕላኔቷ ኢኮኖሚ፣ የገዢዎቹ ትዕቢትና የአዲሱ ጌታ ፖለቲካ አንድ ላይ ገብተዋል። ፋንታሲ አንባቢ በፈረሶችና በአርማዎች የለመደውን ዓለም ግንባታ ኸርበርት የሚሠራው በውሃ ስፍር ነው።

ጠፈርተኛ፦
ጋሽ ኅዳግ፣ አነባበቡን ስለነገሩን እናመሰግናለን፤ ችግሬ ግን በዚያ አይፈታም። «ዱን» ለፋንታሲ ሰው የሚያስቸግረው ስለሚከብደው አይደለም፤ በጣም ስለሚመቸው ነው። «የተመረጠው ልጅ ተነሣ» ብሎ ያነበዋል። ኸርበርት ግን ሕዝብ አዳኝ ብሎ የሚከተለውን መሪ እንዲጠረጥር ነው የጻፈው። ይህን ያልያዘ አንባቢ በ1969 የወጣውን «ዱን መሲያህ»ን ሲከፍት ይናደዳል። የለመደውን መነጽር አድርጎ ሌላ ዘውግ ማንበብ መሻገር አይባልም።

ባለካርታው፦
መነጽሩ እኮ እዚያው «ዱን» ውስጥ ነው የሚሰበረው። አንድ ነገር ብቻ ተመልከት፦ በጠፈር መርከብ ዘመን ለምን በጩቤ ይዋጋሉ? ፋንታሲ ውስጥ ማንም አይጠይቅም። እዚህ መልስ አለው። የሰውነት ጋሻው ፈጣን ነገርን ያግዳል፣ ቀስ ያለን ያሳልፋል፤ ስለዚህ ጥይት ከጥቅም ውጭ ሆነ፣ በዝግታ የሚገባ ስለት ተመለሰ። የጨረር መሣሪያ ጋሻውን ከመታ ደግሞ ፍንዳታው ተኳሹንም ተመቺውንም ሊያጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ የሚደፍረው የለም። በረሃው ላይ ግን ጋሻ አሸዋ ውስጥ የሚኖረውን ግዙፍ ትል እየጠራ ስለሚያሳብደው የበረሃው ሰዎች አይለብሱትም፤ አዋጋጋቸውም በዚያው ይለያል። አንድ ሕግ ወጣ፣ ከሕጉ ሦስት መዘዝ ተመዘዘ። አንባቢው ይህን ሰንሰለት መከተል ከለመደ ሌላውን ሁሉ ያነባል።

ቀይ ብዕር፦
ሁለታችሁም ተከታታይ ይዛችሁ ነው የምትሟገቱት። 14 ቅጽ ጨርሶ የደከመ ሰው ሌላ ስድስት ቅጽ ለምን ይሸከማል? በአንድ ቅጽ የሚያልቅ ይሰጠው ባይ ነኝ።

የኡርሱላ ሌ ጉዊን «ዘ ሌፍት ሃንድ ኦፍ ዳርክነስ»፣ 1969። ጸሐፊዋ ፋንታሲውንም ታውቀዋለች፤ «ኤርዝሲ»ን የጀመረችው ከዚህ አንድ ዓመት ቀድማ ነው። በረዶ የማይለቃት ፕላኔት፣ ግማሽ እብድ ንጉሥ፣ በክህደት ተከሶ የሚሰደድ ሹም፣ የበረዶ ግግር አቋርጦ መሄድ፤ ፋንታሲ አንባቢ የሚፈልገው ሁሉ አለ። በዚያ ላይ አንድ ነገር ተለውጧል፦ የፕላኔቷ ሰዎች በወር ጥቂት ቀን ካልሆነ በቀር ጾታ የላቸውም። ሌ ጉዊን ይህን ይዛ ንግሥናን፣ ልጅ ማሳደግን፣ ጦርነትን አንድ በአንድ ትመረምራለች።

የሚሰናከሉበት ቦታ አለ። መጽሐፉ 20 ምዕራፍ ነው፤ ወደ በረዶው የሚወጣው 15ኛው ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለው የቤተ መንግሥት ሽኩቻ ቀዝቃዛ ነው። በመሐል ተረቶች ይገባሉ፤ 2ኛው፣ 4ኛውና 9ኛው ምዕራፍ ላይ። ሰው «ወደ ታሪኩ ልመለስ» ብሎ ይዘላቸዋል። መዝለል አይገባም! በተለይ 9ኛውን የዘለለ የመጨረሻው ምዕራፍ ግማሹ አይገባውም። በረዶው ላይ ሲደረስ ደግሞ ፍጥነት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ስንት ማይል ተሄደ፣ ስንቅ ስንት ቀረ፣ ምድጃው እንዴት ነው፣ ድንኳኑ የት ተተከለ፤ ሁለቱ ሰዎች የሚቀራረቡት በዚህ ሒሳብ መሐል ነው።

የኅዳግ ማስታወሻ፦
ቀይ ብዕር፣ በአንድ ቅጽ ካልሽ የዋልተር ሚለርን «ኤ ካንቲክል ፎር ሊቦዊትዝ» እንዴት ረሳሽው? በ1961 ሁጎን ያገኘ ነው። ከኒውክሌር እሳት በኋላ መጽሐፍ የሚቃጠልበት፣ የተማረ የሚታደንበት ዘመን መጥቷል፤ የዕውቀት ፍርፋሪ የተረፈው በአንድ በረሃ ገዳም ነው። አንድ ወጣት መነኩሴ የአንድ ኤሌክትሪክ መሣሪያ ንድፍ ያገኛል። ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ቅዱስ ቅርስ ነው ብሎ 15 ዓመት ሙሉ ብራና ላይ በወርቅና በሐረግ እያስጌጠ ይገለብጠዋል። ያስቃል፤ ያስቃል ብላችሁ ስታበቁ ግን ሳቁ ይቀራል።

ፋንታሲ አንባቢ «የጥንቶቹ ጥበብ ጠፋ» የሚለውን ያውቀዋል። እዚህ የጥንቶቹ ሰዎች እኛ ነን። ማስጠንቀቂያው፦ ሦስት ክፍል አለው፣ በየክፍሉ መካከል ወደ 600 ዓመት ያልፋል። ባለካርታው በ«ፋውንዴሽን» ላይ ያነሣው ክስ እዚህም ይሠራል። ልዩነቱ ገዳሙ ራሱ ገጸ ባሕርይ መሆኑ ነው፤ ሰዎቹ ይሄዳሉ፣ ግንቡ ይቆያል።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ ላቋርጥ። ስለ ጂን ዎልፍ «ዘ ቡክ ኦፍ ዘ ኒው ሰን» ማንም አላነሣም። ሰይፍ አለው፣ የገራፊዎች ማኅበር አለው፣ ግንብ አለው። ለፋንታሲ ሰው ከሁሉ የሚቀርበው እሱ አይደለም?

የኅዳግ ማስታወሻ፦
በመልኩ ከሁሉ ይቀርባል፤ ለዚህ ነው ከሁሉ የሚያሳስተው። ከ1980 እስከ 1983 በአራት ቅጽ ወጣ። ተራኪው ምንም እንደማይረሳ ይነግረናል፤ እውነቱን ሁሉ እንደሚናገር ግን ማን ዋስ ይሆናል? አንድ ቦታ ብቻ ላሳይ። በመጀመሪያው ቅጽ አንድ ሽማግሌ አሮጌ ሥዕል ያጸዳል። ሥዕሉ ላይ ጦር ልብስ የለበሰ ሰው ባዶ ምድር ላይ ቆሟል፤ መሣሪያ የለውም፣ ነፋስ የማያነቃንቀው ደረቅ ባንዲራ ይዟል፣ የራስ ቁሩ መከለያ ወርቅማ ነው፣ የዓይን ቀዳዳ የለውም። ተራኪው ምን እንደሚያይ አያውቅም። ጨረቃ ላይ የቆመ ጠፈርተኛ መሆኑን ማወቅ ያለበት አንባቢው ነው። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር እንዲህ ነው። የሳይንስ ልቦለድ ዕቃዎችን ከዚህ በፊት አይቶ የማያውቅ ሰው ሰይፉን ብቻ ያያል፤ ሌላው ሁሉ ያልፈዋል። ስለዚህ አምስት ስድስት ሌሎች መጻሕፍት ካለፉ በኋላ ይሁን።

ባለካርታው፦
በዚህ እስማማለሁ። ገጸ ባሕርይና ጉዞ ለሚወድ፣ ከዎልፍ ይልቅ የዳን ሲመንስ «ሃይፐርየን»፤ 1989። ሰባት ተጓዦች አንድ ቦታ ሲሄዱ በየተራ ታሪካቸውን ይናገራሉ፤ የሚነገሩት ስድስት ናቸው። አንዱ አስፈሪ፣ አንዱ የጦር ሜዳ፣ አንዱ የመርማሪ። አንዱ ባይጥም የሚቀጥለው ሌላ ቃና አለው። ግን ብቻውን እንዳይያዝ! መጨረሻው ላይ ሲደርስ ሰው ገጽ የጎደለው ይመስለዋል። በ1990 የወጣው «ዘ ፎል ኦፍ ሃይፐርየን» አብሮ ይዘጋጅ፤ ሁለቱ አንድ ታሪክ ናቸው።

ጠፈርተኛ፦
«ፋውንዴሽን»ን ግን ባላመነበት ክስ ጥላችሁት አትሂዱ። ቁርጥራጭ የሆነው በምክንያት ነው፤ ከመጀመሪያው ክፍል በቀር ታሪኮቹ ከ1942 ጀምሮ በወርኃዊ መጽሔት የወጡ ናቸው። እያንዳንዱ ራሱን ችሎ መቆም፣ መጨረሻው ላይም መምታት ነበረበት። ስለዚህ እንደ አጭር ልቦለድ፣ አንዱን ክፍል በአንድ መቀመጫ ማንበብ ነው። ሰው የሚፈልግ አንባቢ ደግሞ እስከ ሁለተኛው ቅጽ ሁለተኛ አጋማሽ ይታገሥ። እዚያ አንድ ረጅም፣ ያልተቆራረጠ ታሪክ አለ፤ መሐሉ ላይ የቆመችውም ሴት ናት። ፍርዱ ከዚያ በኋላ።

በ1988 ከታተመው «ፕሪሉድ ቱ ፋውንዴሽን» የሚጀምሩ አሉ፣ ታሪኩ ቀድሞ የሚሆን ስለሆነ። ተሳስተዋል። የኅትመቱ ቅደም ተከተል ይጠበቅ፤ ኋለኛው መጽሐፍ የፊተኛውን ምሥጢር የምታውቅ አድርጎ ነው የሚያወራህ። ለ«ዱን»ም እንዲሁ፣ የኸርበርት ልጅ በኋላ ያሳተማቸው ቅድመ ታሪኮች ከአባቱ መጻሕፍት በፊት አይነበቡም።

የአርተር ክላርክን «ራንዴቩ ዊዝ ራማ» (1973) ደግሞ እንደ መፈተኛ ውሰዱት። 50 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ባዶ ሲሊንደር ወደ ፀሐይ እየመጣ ነው፤ ሰዎች ገብተው ያዩታል። ክፉ ሰው የለም፣ ፍቅር የለም ማለት ይቻላል። ሰዎቹ መሰላሉን ወርደው ሜዳው ላይ ሲደርሱ «ይህን ማን ሠራው?» የሚል ጉጉት ካልያዘህ ዝጋው፤ የክላርክ መንገድ ያንተ አይደለም። ከያዘህ ጨርሰውና እዚያው ቁም። ከጄንትሪ ሊ ጋር የተጻፉት ቀጣዮች ሌላ ዓይነት መጽሐፍ ናቸው።

አዲስ ገቢ፦
እሺ፤ ሌ ጉዊንን ልጀምር ነው። የእሷው «ዘ ዲስፖዘስድ» (1974) ቀድሞ ቢነበብስ? የፖለቲካ ክርክሩ ይስበኛል።

ቀይ ብዕር፦
ይቻላል፤ ታሪኩ ከሌላው ጋር የታሰረ አይደለም። አወቃቀሩን ብቻ አስቀድመህ እወቅ። 13 ምዕራፍ ነው። ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው በቀር፣ ጎዶሎዎቹ ምዕራፎች ባለጠጋው ፕላኔት ላይ፣ ሙሉዎቹ ቀደም ባለው ጊዜ ድርቅ በመታት ጨረቃው ላይ ናቸው። መጽሐፉ ይህን አይነግርህም። 2ኛው ምዕራፍ ላይ ዋናው ሰው ሕፃን ሆኖ ስታገኘው አትደናገጥ፤ ማን እንደሆነ ያዝና 3ኛው ላይ የቆመበትን ቦታ አስታውስ። ሁለቱን መስመር ለየብቻ ላንብብ ብለህ ጎዶሎውን ከሙሉው ነጥለህ ግን አታንብብ፤ እያንዳንዱ ምዕራፍ የሚመልሰው ከእሱ በፊት ያለውን ነው።