አስቸኳይ፦ የማድሌት ካርታዬ በየእርምጃው አዲስ ክፍል እየፈጠረ ነው፤ ዛሬ ማታ ወረራ አለን

ዳሳሽ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሚያውቅ ሰው እባካችሁ ቶሎ ይድረስልኝ። በጽሑፍ የሚጫወቱትን ጨዋታ የምጫወትበት ፕሮግራም፣ ማድሌት፣ የሚሠራልኝ ካርታ ተበላሽቷል። ከትናንት ጀምሮ ወደ ሰሜን ስሄድ አዲስ ክፍል ይሠራል። ወደ ደቡብ ስመለስ ደግሞ የነበርኩበትን ክፍል ትቶ ሌላ አዲስ ይሠራል። ዋናው አደባባይ ብቻ አሁን ካርታው ላይ ሰባት ቦታ ተደራርቦ ይታያል። ክፍል መርጬ ወደዚያ ውሰደኝ ስለው መንገድ የለም ይለኛል፤ ሲብስበት ደግሞ የማይሆን ቦታ ይወስደኛል። ትናንት የትሮሎቹ ዋሻ ውስጥ ከተተኝና ሞትኩ። ዛሬ ማታ ከቡድኔ ጋር የምድር ውስጥ ከተማውን ልንወርር ነው፤ መንገድ መሪው ደግሞ እኔ ነኝ። ምንም የነካሁት ነገር የለም። ምን ላድርግ?

ፈጣኑ፦
ፕሮግራሙን ዝጋውና መልሰህ ክፈተው።

ፋኖሷ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ እነዚህን ንገረን። የጨዋታው አዘጋጆች የሠሩት ካርታ ነው ወይስ ከማድሌት ጋር የሚመጣው ጄኔሪክ ማፐር (ለማንኛውም ጨዋታ ካርታ የሚሠራው)? ጨዋታው ሰሞኑን ተሻሽሏል? አንድ ክፍል ስትገባ ስክሪንህ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ከነፕሮምፕቱ (ጤናህንና ጉልበትህን ከሚያሳየው አጭር መስመር ጋር) እንዳለ ለጥፍልን። እስከዚያው ግን አንድ ነገር አድርግ፦ «ስቶፕ ማፒንግ» ብለህ ካርታ መሥራቱን አስቁመው። አሁን በሄድክ ቁጥር ጉዳቱ እየባሰ ነው የሚሄደው።

አሮጌው ቴልኔት፦
ልጄ፣ እስቲ ረጋ በል። የዛሬ ልጆች ካርታው ራሱ የሚያይ ይመስላችኋል። አያይም። እ.ኤ.አ. በ1978 ሮይ ትሩብሾና ሪቻርድ ባርትል ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመጀመሪያውን ማድ (ብዙ ሰው አብሮ በጽሑፍ የሚጫወተውን ጨዋታ) ሲሠሩ ካርታ የሚስል ፕሮግራም አብሮ አልመጣም። ተጫዋቹ ነበር በእርሳስና በካሬ ወረቀት የሚስለው። ከዚያ ቀደም ብሎ በጽሑፍ የሚጫወቱትን የዋሻ ጨዋታ የጻፈው ዊል ክራውዘርም ኬንታኪ ያለውን የማሞዝ ዋሻ በአካል ገብቶ የቀየሰ ሰው ነው። ካርታ ከዚህ ጨዋታ ጋር የተወለደ ሥራ ነው ማለቴ ነው።

ሁሉም ክፍል አንድ ዓይነት መግለጫ ያለው የተወሳሰበ ዋሻ ውስጥ ስንገባ በየክፍሉ የተለያየ ዕቃ እንጥል ነበር። አንዱ ጋ ገመድ፣ አንዱ ጋ ዳቦ፣ አንዱ ጋ ባዶ ጠርሙስ። ተመልሰን ስንመጣ ዳቦው ካለ የዳቦው ክፍል ነው። ሌላም ልጨምርልህ፦ ወደ ሰሜን ሄዶ ወደ ደቡብ የተመለሰ ሰው የነበረበት ቦታ ይደርሳል የሚል ሕግ የለም። አንዳንዱ መውጫ የአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። አንዳንዱ ይጠመዘዛል፤ በሰሜን ወጥተህ የምትመለሰው በምዕራብ ይሆናል። ስለዚህ ካርታህ ተበላሸ ከማለትህ በፊት መውጫዎቹን አንድ በአንድ ፈትሽ።

ዳሳሽ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ አደባባዩ የተወሳሰበ ዋሻ አይደለም። በየቀኑ የማልፍበት ቦታ ነው።
@ፋኖሷ ጄኔሪክ ማፐር ነው። አስቁሜዋለሁ።

ካርታ አልባ፦
እኔ የምለው፣ ካርታህ መቼ ተበላሸ? የተበላሸው ጠቅ አድርጎ መሄዱ ነው። በራሱ የሚራመድ ገጸ ባሕርይ እየተጫወተ አይደለም። መግለጫዎቹን ሰው ተቀምጦ የጻፋቸው እንዲነበቡ ነው፤ አንተ በሰከንድ ሃያ ክፍል ታልፋለህ። ደግሞ በራሱ መሄድን የሚከለክሉ ጨዋታዎች አሉ። የአንተ ይፈቅዳል? ሕጉን አንብበሃል?

ዳሳሽ፦
ይፈቅዳል። ሕጉ ላይ የተከለከለው ተጫዋቹ ሳይኖር ብቻውን የሚጫወት ስክሪፕት ነው። መግለጫዎቹንም አንብቤያቸዋለሁ፤ አደባባዩን በቃሌ ልወጣልህ እችላለሁ። አሁን የጠየቅኩት ሌላ ነው።

ቀስተኛው፦
የሞትክበትን ዋሻ ግን ቢያንስ በትክክል መዝግቦልሃል? 😄 የእኔ ካርታ ላይ «እዚህ ሞቻለሁ» የሚል ምልክት ያለባቸውን ክፍሎች ብታይ ታለቅስልኛለህ። ቁም ነገሩ ግን አደገኛ ክፍሎችን ካርታው ላይ ቆልፋቸው። የተቆለፈ ክፍል ውስጥ መንገድ ፈላጊው አያልፍም፤ ዞሮ ይሄዳል። ከቻልክ ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል መድረሱን ጠብቆ እንዲራመድ አድርገው። ሁሉንም እርምጃ ባንዴ ከላከው መሃል ላይ በር ተዘግቶ ብታገኝ እንኳ የቀሩት ትእዛዞች ሌላ አቅጣጫ ይወስዱሃል።

ፈጣኑ፦
ዘግተህ ከፈትከው? ካልሠራ ኮምፒውተሩንም አጥፍተህ አብራው።

ጥቁር ስክሪን፦
እኔ በማድሌት ፋንታ ቲንቲን የሚባለውን ፕሮግራም ነው የምጠቀመው። እዚያ «ማፕ ፍላግ ስታቲክ» ካልኩ በኋላ ባልተመዘገበ አቅጣጫ ብሄድም አዲስ ክፍል አይፈጠርም። አካባቢውን ጨርሼ ካወቅሁት ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው። ማድሌትን ትተህ ወደዚህ ና አልልህም፣ ዛሬ ማታ ወረራ አለብህ። ግን ልማዱን ያዘው፦ ካርታ መሥራት የሚበራው አዲስ ቦታ ስትገባ ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ሰው፦
ኤምማፐርስ አይሠራለትም?

ጥቁር ስክሪን፦
ኤምማፐር ሚዩም ለሚባለው ጨዋታ ተብሎ የተሠራ ካርታ ሠሪ ነው። በጨዋታውና በተጫዋቹ ፕሮግራም መሃል ገብቶ የሚያልፈውን ጽሑፍ ያነባል። ግሩም ሥራ ነው፣ ግን የእሱ ጨዋታ ሌላ ነው።

ስክሪፕተኛው፦
ጨዋታው ጂኤምሲፒ ይሰጣል? ከሰጠ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። ጂኤምሲፒ ማለት ከሚታየው ጽሑፍ ጎን ለጎን በቴልኔት ግንኙነቱ ላይ ተደብቆ የሚላክ መረጃ ነው። የክፍሉን መለያ ቁጥር ከላከልህ ማፐሩ በስም መገመት አያስፈልገውም፤ ቁጥሩ ያው ከሆነ ክፍሉ ያው ነው። ማድሌት ውስጥ «ሉዋ ጂኤምሲፒ» ብለህ ጻፍና የሚወጣውን አሳየን።

ዳሳሽ፦
ጻፍኩት። «ቻር» በሚለው ሥር ጤናና ጉልበት ብቻ ነው ያለው። «ሩም» የሚባል ነገር የለም።

ስክሪፕተኛው፦
እንግዲያው ማፐርህ ከጽሑፉ ብቻ ነው የሚሠራው። ፋኖሷ የጠየቀችህን ለጥፍ። አሁን ያለ እሱ መርዳት አይቻልም።

ዳሳሽ፦
ይኸው። አደባባዩ ላይ ሆኜ «ተመልከት» ስል፦

120ጤ 85ጉ ማታ> የድሮው አደባባይ
የተሰነጣጠቀ ድንጋይ የተነጠፈበት ሰፊ ቦታ ነው። መሃሉ ላይ የደረቀ ፏፏቴ ይታያል።
መውጫዎች፦ ሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ታች

ካርታው ላይም ያው ነው የሚታየው፣ የክፍሎቹ ስም ፊት ላይ ቁጥር አለ፣ ግን እሱን ተዉት፣ የሚያሳስበኝ መደራረቡ ነው።

ፋኖሷ፦
አንተ ተዉት ያልከው እኮ መልሱ ነው! የክፍሉ ስም ፊት ያለው ቁጥር ከመቼ ወዲህ ነው የመጣው? እና ያ «ማታ» የሚለው ቃል ፕሮምፕትህ ላይ ድሮም ነበር?

ዳሳሽ፦
የለም፣ «ማታ» አዲስ ነው። ትናንት ጨዋታው ሲሻሻል የቀንና የማታ ነገር ጨምረዋል። የድሮው «120ጤ 85ጉ>» ብቻ ነበር። ቁጥሩን እኔም ያየሁት ትናንት ነው።

ካርታ አልባ፦
አላልኩም? ካርታው አልተበላሸም። ዓለሙ ነው የተለወጠው።

ፋኖሷ፦
እሺ ስማኝ። የሆነው ይኸ ነው። ማፐሩ «መውጫዎች» የሚለውን መስመር ሲያገኝ ወደ ላይ እያነበበ እስከ ፕሮምፕቱ ይሄዳል። በሁለቱ መሃል ካለው ነው የክፍሉን ስም የሚያወጣው። ፕሮምፕቱን የሚያውቀው በቅርጹ ነው፦ ቁጥር፣ ጤ (ጤና)፣ ቁጥር፣ ጉ (ጉልበት)፣ ከዚያ መጨረሻ ላይ ያለችው ምልክት። አሁን መሃል ላይ «ማታ» ስለገባ ፕሮምፕት መሆኑን አላወቀውም። ስለዚህ መስመሩን እንዳለ የክፍሉ ስም አደረገው።

አንድ እርምጃ ስትሄድ ጉልበትህ ከ85 ወደ 84 ይወርዳል። «120ጤ 85ጉ ማታ> የድሮው አደባባይ» እና «120ጤ 84ጉ ማታ> የድሮው አደባባይ» ለእሱ ሁለት የተለያዩ ክፍሎች ናቸው። ለዚህ ነው በተመለስክ ቁጥር አዲስ የሚሠራው። የትሮሎቹ ዋሻ ውስጥ የገባኸውም የት እንዳለህ ተምታቶበት ነው፤ መንገዱን ከሌላ ቦታ ቆጥሮ ነው የነዳህ።

አሁን የምታደርገው፦ «ሜክ ፕሮምፕት ፓተርን» የሚለውን ትእዛዝ ተጠቅመህ አዲሱን ቅርጽ ስጠው። «ማታ» ብለህ ብቻ እንዳትጽፍለት፣ ጠዋት ሲነጋ ይበላሽብሃል። ቁጥሮቹም የቀኑ ክፍለ ጊዜም ተለዋዋጭ መሆናቸውን የሚያሳይ ቅርጽ መሆን አለበት። ከዚያ «ክሊር ሙቭስ» በል፤ የተጠራቀሙትን እርምጃዎች ያጠፋቸዋል። ቀጥሎ «ፋይንድ ሚ» በልና ያለህበትን ይፈልግልህ። ግን ይህን ከማድረግህ በፊት የተበከለውን ካርታ በድሮው ተካው።

ፈጣኑ፦
ፋይንድ ሚ ብቻ በለው፣ ይበቃል።

ፋኖሷ፦
አይበቃም። ሰባት አደባባይ ባለበት ካርታ ላይ የትኛውን ያግኝለት?

ዳሳሽ፦
የድሮው ካርታ የት ይገኛል? አስቀምጬ አላውቅም።

ስክሪፕተኛው፦
ማድሌት ራሱ ያስቀምጥልሃል። የፕሮፋይልህ ፎልደር ውስጥ «ማፕ» የሚባል ፎልደር አለ። የፋይሎቹ ስም ላይ ቀንና ሰዓት ተጽፏል። ከማሻሻያው በፊት ያለውን የመጨረሻውን ፋይል ምረጥ። ሴቲንግ ውስጥ ማፐር የሚለው ገጽ ላይ ካርታ መጫኛው አለ። ከመጫንህ በፊት ግን ፎልደሩን በሙሉ ሌላ ቦታ ገልብጠው። ይህን አትዝለል፣ ስንት ሰው የወራት ሥራውን እንዲሁ አጥቷል።

ዳሳሽ፦
ችግሩ ትናንት ከማሻሻያው በኋላ አዲስ የተከፈተውን ረግረግ ግማሹን ዞሬ መዝግቤዋለሁ። የድሮውን ካርታ ከጫንኩ እሱ ይጠፋል?

ስክሪፕተኛው፦
ይጠፋል። ላለማጥፋት ከፈለግህ ሌላ መንገድ አለ። ማድሌት በሚገባው የፕሮግራም ቋንቋ፣ በሉዋ፣ የተጻፈ አጭር ስክሪፕት የክፍሎቹን ዝርዝር በ«ጌት ሩምስ» ያወጣል። በየስሙ ላይ ከምልክቷ በፊት ያለውን ሁሉ ይቆርጥና በ«ሴት ሩም ኔም» መልሶ ይጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ስማቸው አንድ የሆነና አንድ ቦታ ላይ የተደራረቡትን «መርጅ ሩምስ» ያዋህዳቸዋል። ስክሪፕቱን ልጽፍልህ እችላለሁ።

ፋኖሷ፦
እኔ አልስማማም። ስሙን ማስተካከል ይቻላል፣ መውጫዎቹን ግን ማን ያስተካክላቸዋል? አደባባዮቹ እኮ ሁሉም አንድ ነጥብ ላይ አይደሉም፤ ካርታው እየተገፋ ሄዶ ሌላ ቦታ የተቀመጠም አለ። ግማሽ ረግረግ ለማዳን ብለህ ሙሉ ከተማ አታጣ። የድሮውን ጫን፣ ረግረጉን ነገ በእግርህ እንደገና ዙረው። ያየኸው መንገድ ነው፣ ሁለተኛው ዙር ይቀልሃል።

ስክሪፕተኛው፦
ረግረጉ ውስጥ እየተራመድክ ጭራቅ ከሚበላህ ስክሪፕት አይሻልም? ግን እሺ፣ ለዛሬ ማታ የእሷ ይሻላል። የተበከለውን ፋይል ግን አትሰርዘው። ለረግረጉ ሌላ ቀን አብረን እናየዋለን።

ቀስተኛው፦
ለዛሬ ማታ ከዚህም የሚቀል አለ። ከቡድኑ ውስጥ መንገዱን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ? ካለ እሱ ፊት ይሂድ፣ አንተ «ተከተል» ብለህ ስሙን ጻፍ። ካርታ መሥራቱ ግን ጠፍቶ ይቆይ። በመከተል ስትሄድ አንተ አቅጣጫ አትጽፍም፣ ስለዚህ ማፐሩ መንቀሳቀስህን ላያውቅ ይችላል።

አሮጌው ቴልኔት፦
የምድር ውስጥ ከተማውን ዋና መንገድ ብቻ በወረቀት ላይ ሳለው። ከበሩ እስከ ዙፋኑ ክፍል ያለችውን ብቻ። ሳጥን፣ መስመር፣ የበሩ ስም። ከየክፍሉ የሚታወስ አንድ ነገር ጻፍበት፤ ሐውልት፣ ጉድጓድ፣ የተሰበረ ደረጃ። ቡድንህ ተሸብሮ ሲሮጥ ስክሪኑ በጽሑፍ ይጥለቀለቃል፤ ያኔ ወረቀቷን ታየዋለህ። ይህን የምልህ ማሽኑን ጠልቼ አይደለም፣ እኔም ማድሌት አለኝ።

ዳሳሽ፦
ጋሼ፣ ወረቀቱን አሁን እየሳልኩ ነው፣ አመሰግናለሁ። ፋኖሷ፣ ስክሪፕተኛው፣ እግዜር ይስጣችሁ። የሰኞውን ፋይል አግኝቼዋለሁ። ገልብጬ ልጭነው ነው። ሠርቶ እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ፈጣኑ፦
ከጫንከው በኋላ ዝጋውና መልሰህ ክፈተው።

ካርታ አልባ፦
መልካም ወረራ። ከተማው በር ላይ ያለውን ጽሑፍ ግን ቆም ብለህ አንብበው፣ የሚያምር ነው።

አዲስ ገቢ፦
ሰላም፣ የእኔም ያው ጨዋታ ነው መሰለኝ፣ ያው ችግር ገጥሞኛል። ፋኖሷ ያለችውን አደረግኩ፣ ሠርቷል። ግን ስዋጋ ቆይቼ ከሸሸሁ በኋላ የምገባበት ክፍል እንደገና ቁጥር ይዞ ይመዘገባል። ዳሳሽ ተሳካልህ? አንተስ ጋ እንዲህ ነው?

ፋኖሷ፦
ዳሳሽ እስኪመለስ እኔ ልመልስልህ። በውጊያ ጊዜ ፕሮምፕቱ ላይ የጠላትህ ሁኔታ ይጨመራል። «120ጤ 60ጉ ማታ ተኩላው ቆስሏል>» የሚል ነገር ታያለህ። ቅርጹ ያንንም መቀበል አለበት። ከጉ በኋላ እስከ ምልክቷ ድረስ ያለው ምንም ይሁን ምን እንዲያልፈው አድርግ። ጤናህ ከዜሮ በታች ወርዶ መውደቅ የሚቻልበት ጨዋታ ከሆነ ደግሞ ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ሊመጣ እንደሚችል አትርሳ። አንድ ጊዜ «ማፕ ዲበግ» ብለህ አብራውና ተኩላ ፈልገህ ተዋጋ፤ ማፐሩ የክፍል ስም ብሎ ምን እንደያዘ ያሳይሃል። አሁንም ከተሳሳተ ያንን መስመር እዚህ ለጥፈው።