አንድ ልጅ፣ ሁለት ፋይል፦ በጋራ ዕቅዳችን ላይ ውይይት

ሰብሳቢዋ፦
እንዴት አመሻችሁ? ወደ ዕቅዱ ረቂቅ ከመግባታችን በፊት አንድ ልጅ ላስታውሳችሁ። የሕፃናት ማሳደጊያ ነው ያደገው። እዚሁ ከተማችን መርካቶ ውስጥ ሞባይል ሰረቀ ተብሎ ተያዘ። ጣቢያ ሄጄ ሳየው የቁም ሳጥኑን ቁልፍ በክር አንገቱ ላይ አስሮታል። በ9ኛው ቀን ተፈታ። ሲመለስ አልጋውም ቁም ሳጥኑም ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል። ቁልፉን ጨብጦ በሩ ላይ ቆመ። ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ያለው ፋይሉና ፖሊስ ጋ ያለው ፋይሉ ተገናኝተው አያውቁም። ዕቅዳችን እንዲህ ላሉ ልጆች ይሁን።

የእድሩ ዳኛ፦
ልጄ፣ አንጀቴን በላኝ። ለምን ማቆያ ቤት አንሠራም? ከተማውን መሬት እንጠይቅ። የቡና ነጋዴዎቻችን እጃቸው አይታጠፍም።

ጠበቃው፦
ሀጂ፣ ሐሳብዎ የአባት ነው። እኔ ግን ቤቱ አይታየኝም። ልጁ ያጣው ሰው ነው። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 172 ላይ፣ ቀጠሮ ሲሰጥ ልጁ ለወላጁ፣ ለአሳዳሪው ወይም ለዘመዱ ይሰጣል። እነሱ ከሌሉ ለታመነ ሰው። የማሳደጊያ ልጅ የመጀመሪያዎቹ የሉትም። የታመነውን ሰው ደግሞ የፍርድ ቤቱ ዳኛ ከየት ያምጣ? ዝርዝሩን እኛ እናዘጋጅለት፤ ከየእድሩ ሁለት ሁለት ሰው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ ወጣት አጥፊዎችንና በእጓለ ማውታን፣ ማለትም በማሳደጊያ፣ የሚያድጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያነሳቸው፤ ሁለቱም ከአዋቂ ተለይተው ይያዙ ይላል። የለያየናቸው እኛ ነን።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ፦
እስማማለሁ፤ ግን ፋይሉ ይገናኝ ሲባል ፈራሁ። «አልጋው ላይ ይሸናል» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ፖሊስ እጅ ገብቶ ምን ይሠራል? የልጁ ጓዳ ነው እኮ! አንድ ሰው ይመደብለት፤ ሁለቱንም ፋይል የሚያውቅ፣ ለፍርድ ቤት የሚያስፈልገውን ብቻ የሚናገር። ልጁም ታሪኩን ለአራት ሰው ከመድገም ይድናል።

ዕድሜም አለ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላው አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው መደበኛ ቅጣት አይጣልበትም፣ ከአዋቂ ጋርም አይታሰርም። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው ግን በ2008 ማብቂያ ላይ ነው። የኛዎቹ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። «ስንት ዓመትህ ነው?» ሲሉት ደንግጦ 16 ያለ ልጅ አውቃለሁ። ማሳደጊያው ሲቀበለው የጻፈው ዕድሜ በዚያው ቀን ጣቢያ ይድረስ።

መምህሩ፦
ከዳውሮና ከከፋ የመጡት ሊስትሮዎችስ? ችሎቱ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ አማርኛቸውም ጫማ ከመጥረግ አያልፍም። አስተርጓሚ ይጻፍ። ትምህርት ቤትም የተያዘን ልጅ በቀሪ ብዛት ስሙን እንዳይሰርዝ።

የእድሩ ዳኛ፦
እሺ፣ ቤቱ ይቅር። ጉዲፈቻ የአባቶቻችን ነው፤ የሰው ልጅ ማሳደግ እዚህ አገር አዲስ አይደለም። ግን ስም ማስመዝገብና ልጅ ማሳደር ይለያያል። ኅዳር ላይ ቡና ሲደርስ ማን ቤቱ ይገኛል? ሁለት ሰው አይበቃም። ሦስት ይሁን፤ አንዷ ቤት የምትውል እናት ትሁን። የዕለት ወጪውን እድሩ ይሸፍን፤ ጉባኤውን እኔ አሳምናለሁ።

ጠበቃው፦
ሦስት ተቀብያለሁ። ዕድሜውንም እጨምራለሁ። ፋይሉ ላይ እህቴ ልክ ናት፤ «ይገናኝ» የሚለውን አውጥቼ «አንድ ኃላፊ ባለሙያ» ብያለሁ።

ሰብሳቢዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሀጂ። የመጀመሪያው ነጥብ እንዲህ ይሁን፦ «በማሳደጊያ የሚኖር ልጅ ሲያዝ ጉዳዩ እስኪወሰን አልጋው ይጠብቀዋል።» የአስተርጓሚውንና የትምህርት ቤቱን መምህራችን ይጻፍልን። ማሳደጊያዎቹን ሰኞ እኔው ዞሬ አነጋግራለሁ። ለስንት ቀን መጠበቅ እንደሚችሉ ከአፋቸው ሳልሰማ ቁጥር አላስገባም።