ጥቆማ፦ በክረምት ባሕር ዳርቻ ሆቴል፣ ጅቡቲ ወይስ ሞምባሳ?

ጥያቄ፦ ጅማ ያላችሁ፣ ሐምሌ ላይ እናቴንና ልጆቼን ይዤ ለጥቂት ቀን ባሕር ዳርቻ ሆቴል ላሳርፋቸው አስቤያለሁ። ጅቡቲ በባቡርም ስለሚደረስ ይቀለኛል፣ ግን ሙቀቱ ያሰጋኛል። እናቴ የደም ግፊት አለባት። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በሐምሌ ጅቡቲን ተዋት። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ካምሲን የሚባል የሚያቃጥል ነፋስ ከበረሃው ይነፍሳል፤ ቀኑ 40 ዲግሪ ያልፋል፣ ሌሊቱም አያሳርፍም። ባሕሩ ራሱ ስለሚሞቅ ገብቶ መቀዝቀዝ የለም። ጅማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር በላይ ናት፣ ያን ጊዜ ደግሞ ዝናብና ብርድ ላይ ነን። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፤ እናንተ ሳትለምዱት ትመለሳላችሁ። ሞምባሳ ከምድር ወገብ በታች ስለሆነች ሐምሌና ነሐሴ ቀዝቀዝ የሚልባት ወቅት ነው፤ ቀኑ 28 ዲግሪ አካባቢ ነው። ነፋስ አለ፣ ባሕሩም ይናወጣል፤ ለልጆች ከሞምባሳ በስተደቡብ ያለው የዲያኒ ባሕር ዳርቻ ይሻላል፣ ባሕሩ ውስጥ ያለው ድንጋያማ ግርዶሽ (ሪፍ) ማዕበሉን ይሰብርላቸዋል። ውሃው በቀን ሁለቴ ርቆ ስለሚሸሽ የመዋኛ ሰዓቱን ሆቴሉን ጠይቅ። ጅቡቲን ከኅዳር እስከ ጥር አቆያት፣ ያኔ ደስ ትላለች።

መልስ፦ በላይኛው እስማማለሁ። ጅቡቲ መሄድ ግድ ለሆነበት ሰው ግን፦ ከባሕር እይታ በፊት ኤሲውን እዩ። ሳትከፍሉ ደውሉና «መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የክፍሉን ኤሲ ያስነሣል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ጄኔሬተር አለን» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም፤ አምፖልና ፍሪጅ ብቻ የሚያስነሣም አለ። ከጣሪያ ሥር ያለና መስኮቱ ወደ ምዕራብ የዞረ ክፍል አትቀበሉ፤ የከሰዓቱን ፀሐይ ግድግዳው ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ይተፋዋል።

ቁልፍ ስትቀበሉ ሻንጣ ሳትፈቱ ኤሲውን አስነሡ። ከሩብ ሰዓት በኋላ የሚወጣው አየር ከክፍሉ አየር 8 ዲግሪ ያህል ካልቀዘቀዘ ክፍል አስቀይሩ። አንዳንዴ ጥፋቱ ቀላል ነው፤ የፊት ክዳኑን ስትከፍቱ ማጣሪያው አቧራ ከለበሰ በውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ ይመለሳል። ውስጥ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ብዙ ጊዜ የውሃ መውጫ ቱቦው ተደፍኖ ነው። ጨዋማው የባሕር አየር ውጭ የተሰቀለውን የኤሲውን አካል ከበላው ግን እዚያው የሚጠገን ነገር የለም። ለ20 ካሬ ሜትር ክፍል 12,000 ቢቲዩ (የኤሲ የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) ያስፈልጋል፤ 9,000ው አራት ሰው ካለበት ሲያጓራ ያድራል፣ አያቀዘቅዝም። 25 ላይ አድርጋችሁ ተኙ። ኤሲ የሌለው፣ ቬንትሌተር ብቻ ያለው ርካሽ ክፍል አያታልላችሁ፤ ከ40 ዲግሪ በላይ ቬንትሌተር ትኩስ አየር እየነፋ ሰውነትን ጭራሽ ያሞቃል።

መልስ፦ ስለ እናትህ ልጨምር። የግፊት መድኃኒቷ ሽንት የሚያሸና ከሆነ ላብ ሲጨመርበት ውሃዋ ቶሎ ያልቃል። ሳትነሡ ሐኪሟን አማክሩ፣ ራሳችሁ እንዳትቀንሱት። ለልጆቹ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ፣ የጠፋ ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት) ከጅማ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሌለ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይከመር። ጨው ከበዛ ይጎዳል። በሙቀት መሐል ሰው ንግግሩ ከተምታታ ወይም ራሱን ከሳተ እረፍት ይበቃዋል አትበሉ፤ ልብሱን አቅልላችሁ፣ ውሃ እያፈሰሳችሁ፣ እያራገባችሁ ወዲያው ሆስፒታል።

መልስ፦ በጀት ካጠረ ላንጋኖ። ባሕር ባይሆንም አሸዋ አለው፣ ሌሊቱ ያስተኛል። ውሃው ቡናማ የሆነው ከደለል ነው፣ እንዳያስደነግጣችሁ። ቅዳሜና እሑድ ስለሚሞላ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያዙ።