ለትንሽ የሞዴል ባቡር ጠረጴዛ እውነተኛ የሚመስል መልክዓ ምድርና የጀርባ ሥዕል እንዴት ልሥራ?

ጥያቄ (ከአዳማ)

የተከበራችሁ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። በቤቴ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ 2 ሜትር ከ40 በ80 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጠረጴዛ ላይ፣ ኤችኦ በሚባለው የ1፡87 መጠን የተሠራ ሞዴል ባቡር ዘርግቻለሁ። ሐዲዱ አንድ ሞላላ ዙር ሲሆን በፊት ለፊት በኩል ለጣቢያ የሚሆን ቅርንጫፍ መስመር አለው። ኤሌክትሪኩ ተገናኝቷል፤ ባቡሩም ሐዲዱን ሳይስት ይዞራል። አሁን የምፈልገው ከአዳማ ተነሥቶ በወለንጪቲ በኩል ወደ መተሐራ የሚወርደው የአሮጌው ምድር ባቡር የሚያቋርጠውን አገር የሚመስል ገጽታ መሥራት ነው፤ ግራሩን፣ ደረቁን ሣር፣ ጥቁሩን ድንጋይና ከርቀት የሚታየውን የቦሰት ተራራ ማለቴ ነው።

ያስቸገሩኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው። የኋላው ሐዲድ ከግድግዳው የሚርቀው 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ግድግዳው ላይ ተራራ ቢሣል ባቡሩ ተራራውን እየታከከ የሚሄድ ይመስላል። ጠረጴዛውና ግድግዳው የሚገናኙበት ቀጥ ያለ መስመርም ዐይን ውስጥ ይገባል። ከዚህ በተጨማሪ ለዚህ ሥራ ተብለው በውጭ አገር የሚመረቱት ሣሮችና ዛፎች እዚህ አይገኙም፤ ቢገኙም አረንጓዴነታቸው የእኛን ቆላ አይመስልም። ከአዳማ ገበያና ከአካባቢው ምን ልጠቀም? የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ አናጺው

ጠያቂያችን፣ ከቀለሙ በፊት የሐዲዱን አቀማመጥ ይመልከቱ። በዚህ መጠን ከሚሸጡት ኩርባዎች ጠባቡ 36 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሬዲየስ አለው፤ ስለዚህ ዙሩ ብቻውን 72 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል፤ 80 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጠረጴዛ ላይ ለተራራ የሚተርፍ ቦታ አይኖርም። የኔ ምክር የጀርባ ሥዕሉን ግድግዳው ላይ ሳይሆን ከኋላው ሐዲድ ፊት እንዲያቆሙት ነው። ባቡሩ በአንድ በኩል ከሥዕሉ ጀርባ ገብቶ ይሰወራል፤ ጥቂት ቆይቶ በሌላው በኩል ይወጣል። ተመልካቹ ዙር ሳይሆን ከአንድ ቦታ መጥቶ ወደ ሌላ ቦታ የሚያልፍ ባቡር ያያል፤ ለእውነተኛነት ከዚህ የበለጠ የሚረዳ ነገር አላውቅም።

ሥዕሉን የሚሸከመው ባለ 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይሁን፤ ስስ ስለሆነ በጥንቃቄ ሲገፉት ይታጠፋል። ጫፎቹን በማዕዘን ሳይሆን ሰፋ ባለ ኩርባ ወደ ፊት ያጥፏቸው፤ ምክንያቱም ሰማይ ላይ የማዕዘን ጥላ ከታየ ተመልካቹ ወዲያውኑ ሣጥን ውስጥ እንደሚያይ ያውቀዋል። ቁመቱ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በቂ ነው። በምስማር አይምቱት፤ ከኋላ ባቡር ሲወድቅ እጅ ማስገባት ስለሚያስፈልግ በማጠፊያ ወይም በብሎን የሚነሣ ይሁን።

ባቡሩ የሚያልፍባቸው ሁለት ቀዳዳዎች ደግሞ ሐዲዱ ኩርባ ላይ ባለበት ቦታ ስለሚወድቁ ከቀጥታው ሰፋ ማለት አለባቸው። በረጅሙ ፉርጎ ጫፎችና መካከል ላይ እርሳስ አስረው በእጅ እየገፉ ያሳልፉት፤ እርሳሱ የሚያሰምረውን ካዩ በኋላ ብቻ ይቁረጡ። በዚያ ሜዳ ላይ ዋሻ መሥራት አገሩን ያበላሸዋል። አንዱን ቀዳዳ በመንገድ ድልድይ፣ ሌላውን በጣቢያ መጋዘንና በተጠጋጉ ግራሮች ይሸፍኑት።

መልስ፦ የቀለም ባለሙያ፣ አዳማ

ስለ ሥዕሉ እኔ ልበል። ጀማሪዎች ሰማዩን ከሚገባው በላይ ሰማያዊ፣ ተራራውንም ከሚገባው በላይ ጥቁር ያደርጉታል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ከከተማው ወጣ ብለው ወደ ቦሰት አቅጣጫ ይመልከቱ፤ በበጋ ወራት አድማሱ በአቧራ ምክንያት ነጭ ሊባል ጥቂት የቀረው ነው፤ ተራራውም ቡናማ ሳይሆን ወደ ሰማያዊ ያደላ ግራጫ ነው። ብርሃኑ በመካከል ባለው አየርና ብናኝ ስለሚበተን፣ ነገሩ በራቀ ቁጥር ጥቁሩ ይነጣል፣ ቀለሙም ወደ ሰማዩ ይጠጋል። ሥዕሉ ጥልቀት የሚያገኘው ከዚህ ነው።

የዘይት ቀለም ስለሚያብረቀርቅ አይግዙ፤ የማያብረቀርቅ የግድግዳ የውሃ ቀለም ይበቃል። ኮምፔንሳቶውን በስቱኮ አለስልሰው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽተው ነጭ ይቀቡት። ከዚያ በሦስት ዕቃ ቀለም ያዘጋጁ፦ ለላይኛው ሰማይ ነጭ ውስጥ ትንሽ ሰማያዊ፣ ለመካከሉ ያንኑ በእጥፍ ነጭ አቅጥነው፣ ለአድማሱ ነጭ ውስጥ የአሸዋ ቀለም ጠብታ ጨምረው። ሦስቱም ሳይደርቁ በሰፊ ብሩሽ አግድም እየሳቡ ያዋህዷቸው። በአዳማ ሙቀት ቀለሙ እጅ ላይ ይደርቃልና ሥራውን በማለዳ ይጀምሩ፤ ሰሌዳውንም በውሃ መርጫ ያርጥቡት።

ለተራራው አዲስ ቀለም አይበጥብጡ። ከአድማሱ ቀለም ላይ ቀንሰው ትንሽ ሰማያዊና ትንሽ ቡናማ ይጨምሩበት፤ የራቀውን ሰንሰለት በእርሱ ይሳሉ። ቀረብ ላለው ኮረብታ ያንኑ ቀለም ይውሰዱና ቡናማውን ያብዙ። ሁለት ወይም ሦስት ሰንሰለት ከበቂ በላይ ነው። ንጹሕ ጥቁርና ከቆርቆሮ እንደወጣ ያለ አረንጓዴ ሥዕሉ ላይ ጨርሶ አይግቡ። ቦሰትን ሲሥሉ ከጠረጴዛው መሐል አያስቀምጡት፤ ወደ አንዱ ጎን ይውሰዱት፤ ግርጌውም ከፊቱ ባለው ዝቅተኛ ኮረብታ ይሸፈን።

አድማሱ የት ይሁን የሚለው ከተመልካቹ ዐይን ቁመት ጋር የተያያዘ ነው። ጠረጴዛው እንደ ምግብ ጠረጴዛ ዝቅ ያለ ከሆነ ቆሞ የሚያይ ሰው አገሩን ከአውሮፕላን ላይ ሆኖ እንደሚያየው ይሆናል፤ ያን ጊዜ የትኛውም ሥዕል አይገጥምም። እግሮቹን ቢያስረዝሙና ጠረጴዛውን ወደ 1 ሜትር ከ20 ቢያደርሱት፣ አድማሱን ከገበታው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ቢያሰምሩ ዐይን አይቃወመውም።

መልስ፦ የባነር ማተሚያ ሠራተኛ

ይህን ሁሉ ድካም ለምን? ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ይዘው ወደ ወለንጪቲ መንገድ ይውጡ፤ ፎቶግራፎቹን በኮምፒውተር ቀጥለን 2 ሜትር ከ40 አድርገን በባነር ማተም እንችላለን። እውነተኛ ከመምሰል ይልቅ ራሱ እውነተኛው ይሆናል።

መልስ፦ የቀለም ባለሙያ፣ አዳማ

ወንድሜ፣ ፎቶግራፍ አልቃወምም፤ ባነር ግን እቃወማለሁ። ባነር ያብረቀርቃል፣ መብራቱንም መልሶ ዐይን ላይ ይረጫል፤ ሲወጠርም ይሸበሸባል። የሚታተም ከሆነ በማያብረቀርቅ ስቲከር ታትሞ ኮምፔንሳቶው ላይ ይለጠፍ። ፎቶግራፉም ፀሐይ ከአንሺው ጀርባ ስትሆን ወይም ደመና ሲሸፍናት፣ ቁመትን ዝቅ አድርጎ ቢነሣ ይሻላል፤ በጎን ፀሐይ የተነሣ ፎቶ ላይ ጥላው ወደ ግራ ከወደቀና የክፍሉ መብራት ጥላውን ወደ ቀኝ ከጣለ ነገሩ አይታረቅም። የታተመው ቀለም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሚፈለገው በላይ ይደምቃል፤ ስለዚህ ከመታተሙ በፊት ነጣ እንዲያደርጉላቸው አጥብቀው ይንገሯቸው።

መልስ፦ የአሮጌው መስመር ወዳጅ

ስለ ዘመኑ አንድ ነገር ላስታውስ። ኤችኦ ሐዲድ ወርዱ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ87 ሲባዛ 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲሱ መስመር ወርድ ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው መስመር ግን ወርዱ 1 ሜትር ብቻ ስለነበረ፣ በዚሁ መጠን በትክክል ለመሥራት 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ያስፈልግ ነበር። ይህን ያነሣሁት ሐዲድዎን እንዲያነሡ ለማለት አይደለም፤ ሐዲዱን የሚሸከሙትን አግዳሚዎች በአፈርና በሣር ከፊል ቢቀብሯቸው ልዩነቱን ልብ የሚል ሰው ጥቂት ነው።

ልብ የሚባለው ሌላ ነው። ከአዳማ በላይ ባሉት ኮረብታዎች ላይ የቆሙትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች መሣል ያጓጓል፤ ነገር ግን የአሮጌው መስመር ባቡር በአዳማ ማለፍ ያቆመው እነርሱ ከመተከላቸው በፊት ነው። አሮጌውን ባቡር ከመረጡ ማማዎቹን ይተዉ። ማማዎቹን ከመረጡ ደግሞ አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ ከሐዲዱ በላይ ምሰሶና ሽቦ ሊዘረጉ ነው፤ ሥራው ብዙ ነው።

መልስ፦ እጀ ሥራ ወዳዷ፣ ከአዳማ

ጠያቂው ስለ ገበያ ለጠየቁት እኔ ልመልስ። ለመሬቱ መነሻ የቴሌቪዥንና የፍሪጅ ማሸጊያ የሆነውን ነጭ ፎም በከተር እየቀረጹ በኮላ ያጣብቁት። ማስቲሽና የስፕሬይ ቀለም ፎሙን ስለሚያቀልጡት አያቅርቧቸው። በላዩ ላይ ጀሶ የነካ ጨርቅ ወይም ኮላ የጠገበ ጋዜጣ ያልብሱት፤ ሲደርቅ የአፈር ቀለም ይቀቡት፤ ቢጫር ነጩ አይታይም።

ከጀርባ ሥዕሉ ጋር የሚገናኝበትን መስመር በተመለከተ፣ መሬቱ እስከ ሰሌዳው ድረስ ጠፍጣፋ ሆኖ አይሂድ። ሰሌዳው ሊደርስ 4 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው ከፍ ይበልና ጉብታ ይሁን፤ ከጉብታው ጀርባ ደግሞ ይውረድ። መገናኛው ከጉብታው በስተኋላ ስለሚቀር አይታይም። የሥዕሉ ግርጌ ላይ ኮላ ቀብተው ለመሬቱ የተጠቀሙበትን አፈር ራሱን ቢነሰንሱበት ሥዕሉ የሚጀምርበትን ቦታ እርስዎም ፈልገው አያገኙትም።

አፈሩን ከዚያው ከመንገዱ ዳር ያምጡ፤ ከእርሱ የተሻለ ቀለም ከየትም አይገዛም። በሻይ ማጥለያ፣ ቀጥሎም በአሮጌ ስቶኪንግ ይንፉት፤ በውስጡ ያለው ነፍሳትና ዘር እንዲሞት በብረት ምጣድ ያምሱት። ከዚያ በኋላ በፌስታል የተጠቀለለ ማግኔት በላዩ ላይ ያመላልሱ። የአካባቢያችን አፈርና አሸዋ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ስለሆነ ብረት ነክ ቅንጣት ይኖረዋል፤ ቅንጣቱ ወደ ሎኮሞቲቩ ሞተር ከተሳበ ሞተሩን ያበላሸዋል። ማግኔቱ ላይ ጥቁር ጢም ሲበቅል ያዩታል፤ ፌስታሉን ገልብጠው ይጣሉትና ምንም እስከማይዝ ድረስ ይደጋግሙ። ለሐዲድ ጠጠርም እንዲሁ ያድርጉ፤ ለዚህ መጠን የሚስማማው ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ከድንጋይ መፍጫ የሚወጣው ደቃቅ ነው። ጤፍ መጠኑ ይቀርባል ብለው የሚመክሩ ይኖራሉ፤ ጉንዳንና አይጥ ካልጋበዙ በስተቀር አይስሟቸው።

ጠጠሩን ደረቁን ካስተካከሉ በኋላ በውሃ መርጫ በስሱ ያርጥቡት፤ ከዚያ ኮላና ውሃ እኩል ለእኩል በጥብጠው፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብታ ጨምረው በሲሪንጅ ያንጠባጥቡ። ሳሙናው ባይኖር ኮላው እንደ ዶቃ ጠጠሩ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይሰርግም። ሐዲዱ የሚቀያየርበት ምላስ አጠገብ ኮላ አያድርሱ።

ለጥቁሩ ድንጋይ ብሎኬት ከሚያመርቱ ሰዎች ፐሚስ የሚባለውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጥቂት ይለምኑ፤ ቀላል ነው፣ በእጅ ይሰበራል፣ ቀዳዳዎቹም የቀለጠ ድንጋይ የቀዘቀዘበትን ያስመስሉታል። በጥቁር ግራጫ ቀብተው ጫፎቹን በደረቅ ብሩሽ ነጣ ያድርጓቸው።

ግራሩ የአገሩ ምልክት ስለሆነ በእርሱ ላይ ጊዜ ይስጡ። 7 ሜትር የሆነ ግራር በዚህ መጠን 8 ሳንቲ ሜትር ነው። ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ የሚወጡትን ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ሰብስበው ከታች ይጠምዝዟቸው፤ ከላይ ሁለት ሁለት እያደረጉ እየከፈሉ ወደ ጎን ይዘርጓቸው፤ የሁሉም ጫፍ በአንድ ከፍታ ላይ ይብቃ። ግንዱን ኮላ ቀብተው በደቀቀ አፈር ያንከባልሉት። ለቅጠሉ የዕቃ ማጠቢያውን ሻካራ አረንጓዴ ስፖንጅ በእጅ ስስ አድርገው ይሰንጥቁትና ከላይ ያኑሩት፤ በላዩም በወይራ ቀለም የተነከረ ደቃቅ ሰጋቱራ ይነስንሱበት። ስስ ይሁን፤ ብርሃን በቅጠሉ መካከል ሾልኮ መሬቱ ላይ ካልወደቀ እንጉዳይ እንጂ ግራር አይመስልም። ከኋላ የሚተከሉት 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ይሁኑ፤ ትንሽነታቸው ርቀት ይሆንልዎታል።

ለደረቁ ሣር የቃጫ ገመድ ይግዙ። ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር እየቆረጡ ቁጥቋጦ ቁጥቋጦ አድርገው በኮላ ይትከሉት፤ ቀለሙ የጥርን ሣር ስለሚመስል መቀባት አያስፈልገውም። ሜዳውን ሁሉ አይሙሉት፤ በሣሩ መካከል ባዶ አፈር ይታይ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አሮጌውን ባቡርና የበጋውን ወር መርጫለሁ፤ ሥዕሉንም በብሩሽ እሠራዋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የክፍሉ ብቸኛ አምፖል ከጣሪያው መሐል ስለሆነ የግራሮቹ ጥላ ሰማዩ ላይ እንዳይወድቅ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አናጺው

ተጨማሪ የኤልኢዲ መብራት ከጠረጴዛው የፊት ጠርዝ በላይ፣ ከተመልካቹ ዐይን በሚሰወር ጣውላ ጀርባ በጠረጴዛው ርዝመት ልክ ይዘርጉ፤ ጥላው ወደ ኋላና ወደ ታች ወድቆ መሬት ላይ ይቀራል። ረጃጅሞቹን ግራሮች ከሰሌዳው ቢያንስ 8 ሳንቲ ሜትር ያርቋቸው። ቀለሙንም የሚቀቡት በዚሁ መብራት ሥር ይሁን፤ ደጅ በፀሐይ የተመረጠ ቀለም ክፍል ውስጥ ሲገባ ሌላ ይሆናል። ሥራ በማይኖርበት ጊዜ ጠረጴዛውን በፕላስቲክ ይሸፍኑት፤ በአዳማ ነፋስ አንድ ሳምንት ክፍት የቆየ ሐዲድ በአልኮል ሳይጠረግ ባቡር አያስኬድም።