የክፍል ማርክና የሚኒስትሪ ውጤት አልገጥም አለኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። ምሥራቅ ጎጃም የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል፣ ነገሩ ከታች ይጀምራል ብዬ የ8ኛ ክፍል ሮስተር (የክፍል ማርክ መዝገብ) እና የሚኒስትሪ ውጤት ኤክሴል ላይ አስገባሁ። አንዷ ልጅ ሒሳብ ክፍል ውስጥ 86፣ ሚኒስትሪ ላይ 37! በሁለቱ ውጤቶች መካከል የከተማ ትምህርት ቤቶቹ ልዩነት ጠባብ፣ የገጠሮቹ ሰፊ ነው። የገጠሩ መምህር ማርክ ስለሚለግስ ነው (እኔም ለግሻለሁ፣ አልዋሽም) ወይስ ልጆቹ ሁለት ሰዓት በእግር ስለሚመጡ? አማካይ ማወዳደሩም አሳሳች መሰለኝ፤ አንዱ ትምህርት ቤት 19 ተፈታኝ፣ ሌላው 240 አለው። ያቋረጡትማ ጭራሽ ሮስተሩ ላይ የሉም። የቤት ርቀትንና የወላጅ ትምህርትን ለይቶ የሚያሳይ ስሌት በኤክሴል ይሠራል ወይስ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ልማር? የሠራችሁት ካላችሁ ከየት እንደምጀምር ንገሩኝ።